ጥሩ መጥፎ መንገድ ፍለጋ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መጥፎ መንገድ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? አትሳቁ፣ የምሬን ነው። መጥፎ መንገድ ደግሞ ማን ይፈልገዋል፣ በራሱ ጊዜ ከተፍ ይል የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ከአያት መገናኛ ስመላለስ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ መጥፎ መንገድ አንድም ቀን ፈልጌ አላውቅም፤ እሱ ነው ፈልጎ የሚያገኘኝ። አምና ግን አራት ቅዳሜ ሙሉ የየካንና የእንጦጦን ተራራ ሳስስ ከረምኩ። ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ መኪና ዝር የማይልበት፣ ድንጋይ ያለው ግን ደግሞ ድንጋይ ያልበዛበት መንገድ ፍለጋ። እንዲህ ያለ ነገር ያዘዘብኝ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በፊት ግን ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስል አላፍርም፤ እንጀራዬም ከዚሁ ነው። የምሠራው ኢንሹራንስ ውስጥ፣ የካሳ ክፍል ነው። ጠዋት ገብቼ ማታ እስክወጣ የማነበው «ተገለበጠ»፣ «ተጋጨ»፣ «ተንሸራተተ»፣ «ፍሬን እምቢ አለው» የሚል ወረቀት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት የቆየ ሰው ደረጃ ሲወርድ መደገፊያውን በሁለት እጁ ቢይዝ ይፈረድበታል? መንገድ ላይ ሙዝ የሚልጥ ሰው ካየሁ ዓይኔ ልጣጩን ነው የሚከተለው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ ጠርጥሬ፣ ጠርጥሬ ነው አርባ ስድስት ዓመቴ ላይ በሰላም የደረስኩት።

እግዜር ግን ጨዋታ ያውቃል። ለዚህ ፈሪ ምን ዓይነት ልጅ ሰጠው? ማክዳን። የሰው ልጅ ዕቃ ዕቃ ሲጫወት የኔዋ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ መደገፊያ ላይ ቁልቁል ትንሸራተት ነበር። አራተኛ ፎቅ ነው ያለነው እኮ! ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት አክስቷ የተራራ ብስክሌት ይዛላት መጣች። ጎማው ጥርስ ያለው፣ ማርሹ ተቆጥሮ የማያልቅ። «እግዜር ይስጥልን፣ ምነው ተቸገርሽ» እያልኩ በሆዴ ያልኳትን እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው።

ልጅቷ ስትነዳ ስትነዳ የሰፈሩ የብስክሌት ቡድን ውስጥ ገባች። ገብታም አልቀረች፣ ጎበዝ ተባለች። እስከዚህ ድረስ በጸሎት ቆየሁ። አንድ ቀን ግን ባለቤቴ ሰናይት ታክሲ ውስጥ ሆና ቡድኑ አስፋልት ላይ ሲለማመድ አየች። አንድ ገልባጭ መኪና የማክዳን ክርን ለጥቂት ስቶ ሲያልፍ በገዛ ዓይኗ አየች። ሰናይት መምህርት ናት። ትንሽ ነው የምትናገረው፤ የተናገረችው ግን አይሻርም። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አስፋልት ላይ አትነጂም። አበቃ» አለች።

አሠልጣኙ ደግሞ ለማክዳ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዳገትና ቁልቁለት ካልሠራሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ብሏታል። ማክዳ አለቀሰች። ማክዳ እኮ አታለቅስም! የፊት ጥርሷ ሲሸረፍ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ያን ቀን ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንጀቴን በላችው። አፌ እኔን ሳያማክር ተከፈተ፣ «መኪና የሌለበት መንገድ እኔ እፈልግላታለሁ!» አልኩ።

ሰናይት አየችኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጠችኝ። ካላገኘህ ብስክሌቷ ሐዋሳ ለወንድሜ ልጅ ትሄዳለች፣ እዚያ ምድሩ ሜዳ ነው አለች። ማክዳ ዞራ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች «እውነት፣ አባዬ?» አለችኝ። ያን አስተያየቷን ባላየሁት ጥሩ ነበር። ሰው ካመነህ መመለሻ የለህም።

እንጦጦ ፓርክ አለልህ አይደል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለ፣ ሄደናል። እንዴት ያለ ቦታ መሰላችሁ! ግን ቅዳሜ ነው፤ ከተማው ተነቅሎ ነው የሚወጣው። ማክዳ አንድ ኩርባ ስትታጠፍ ሙሽራ፣ ሌላውን ስትታጠፍ ሌላ ሙሽራ፣ ሦስተኛው ላይ «እህት፣ አንዴ ፎቶ አንሺን» የሚሉ ጓደኛሞች። ሰባት ቤተሰብ ፎቶ አንስታ ተመለሰች። አሠልጣኙ ዳገትና ቁልቁለት አላት እንጂ ፎቶ አላላትም።

እናም በመጀመሪያው ቅዳሜ የማክዳን ብስክሌት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳሰርኩና ወደ ኮተቤ፣ ከዚያም እየገፋሁ ሽቅብ። ለምን አልነዳሃትም? እኔ? እዚያ ዳገት ላይ? ብስክሌቷን የወሰድኳት ጎማዋ በመንገዱ ያልፍ እንደሆነ ለመለካት ነው።

ተራራው ሥር አንድ አዛውንት የግቢ በር ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። ኦቦ ፈይሳ ይባላሉ። ድሮ እዚያው ያርሱ ነበር፤ አሁን እርሻው ቤት ሆኗል፣ እሳቸውም የአንዱ ግቢ ጥበቃ ናቸው። ተራራውን እንደ መዳፋቸው ያውቁታል። ሰላምታ ሰጥቼ፣ «አባባ፣ ወደ ላይ ጥሩ መንገድ ይኖራል?» አልኳቸው።

«ሞልቶ!» አሉኝ ደስ ብሏቸው። በዚህ ግባ፣ በዚያ ታጠፍ አሉኝ። አርባ ደቂቃ ገፍቼ ምን ላይ ብደርስ ጥሩ ነው? አስፋልት! አዲስ፣ ለስላሳ፣ መስመር የተሠመረበት፣ ገልባጭ መኪና እንደ ልቡ የሚምዘገዘግበት አስፋልት። ተመልሼ ወረድኩ።

«አባባ፣ እንዲህ ያለው አይደለም። እኔ የምፈልገው ጠባብ መንገድ ነው። ጠመዝማዛ። ትንሽ ድንጋይ፣ ትንሽ የዛፍ ሥር ቢኖርበትም አይከፋኝም።»

ብስክሌቷን አዩ። እኔን አዩ። «ለማን ነው?»

«ለልጄ። ለሴት ልጄ።»

ወደኔ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን አጥፍታ ነው?» አሉኝ።

ምን ብዬ ላስረዳቸው? ስፖርት ነው አልኩ። ውድድር አለው አልኩ። ፈረንጆች ለዚህ ብለው ተራራ ይወጣሉ አልኩ። ኦቦ ፈይሳ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና፣ «እኛ እኮ ከዚያ መንገድ ለመገላገል ስንት ጊዜ ተሰበሰብን! ስንት ማመልከቻ ጻፍን! በወሊድ የተያዘች ሴት ተሸክመን የወረድንበት መንገድ ነው። አሁን አስፋልት መጣልን ስንል፣ አንተ አስፋልቱን ጥለህ ወደዚያ?» አሉ። እኔ ዓይኔን ከብስክሌቷ ጎማ ላይ አላነሳሁም። አዝነውልኝ ይሁን ተስፋ ቆርጠውብኝ እንጃ፣ በአገጫቸው ወደ ባሕር ዛፉ ጠቆሙኝ። «ያውልህ፤ እዚችው ናት። ቅርብ ናት።»

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልለግሳችሁ። የተራራ ሰው «ቅርብ ናት» ካላችሁ ስንቅ ያዙ። «ትንሽ ራቅ ትላለች» ካላችሁ ተናዝዛችሁ ውጡ። እኔ ያን ቀን ውኃም አልያዝኩም ነበር። «ቅርቧን» ሳላገኛት ፀሐዩ አናቴን በልቶኝ ተመለስኩ። ማክዳ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ነበር። ፊቴን አይታ ብስክሌቷን ተቀብላኝ ወደ ላይ ተሸክማ ወጣች።

በሁለተኛው ቅዳሜ ስንቅ ያዝኩ፤ ማስታወሻ ደብተርም ያዝኩ። እንደ ሥራዬ አደጋውን ሁሉ ልመዘግብ። ገደል፣ ጻፍኩ። የተቆረጠ ጉቶ፣ ጻፍኩ። ውሻ፣ ስንት እንደሆኑ ስቆጥር አንዱ ተነሳብኝና ቁጥሩን ሳልጨርስ ጻፍኩ። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ጅብ ነበር። ጅብ በቀን አይወጣም ይሉኛል የቢሮ ሰዎች። ማን ነገራቸው? ጅብ ሰዓት ያስራል?

ይህንኑ እያሰብኩ ጫካው መሃል ስደርስ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ አለ። ቆምኩ። እንደገና ኮሽ። ግራጫ ጀርባ አየሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም፤ ብቻ ብስክሌቷን ጥዬ ባሕር ዛፍ ስቧጥጥ ራሴን አገኘሁት። ባሕር ዛፍ ላይ ለመውጣት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ መያዣ የለውም። አንድ ክንድ እወጣለሁ፣ ሁለት ክንድ እንሸራተታለሁ። ይህን ሁሉ አንዲት አህያ ቅጠሏን እያመነዠከች ቆማ ታየኛለች። ሆዴ እየተንቀጠቀጠ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ፤ አህያ ካለች ጅብም አይጠፋ ይሆናል። ያችንም ጻፍኳት።

በሦስተኛው ቅዳሜ አገኘኋት።

እንዴት ያለች መንገድ መሰለቻችሁ! ከላይ ከሸንተረሩ ተነስታ በባሕር ዛፉ መሃል እየተጠማዘዘች ትወርዳለች። አፈሯ ቀይ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ድንጋይ አለ ግን አያስከፋም። ገደል የለም፤ ግራና ቀኟ ሳር ነው። መኪና ቢፈልግም አይገባባትም። ወገቧ ላይ የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከዛፎቹ መሃል ብቅ ይላል። ስሟን አልጠራም፤ ኋላ ለደረሰው ነገር እሷ የለችበትም። ከዚያ ትንሽ ወረድ ብሎ ተራራው ሥር ያለው መንደር ጋ ታበቃለች።

ከላይ እስከ ታች ብስክሌቷን እየገፋሁ በእግሬ ወረድኩ። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እየቀደሙኝ፣ «ተበላሸብህ እንዴ፣ ወንድሜ?» ይሉኛል። አዎ እላለሁ። ደህና ብስክሌት የሚገፋ ሰው ነኝ ብል ማን ያምነኛል? ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ስደርስ ብስክሌቷን ወገቤ ላይ አስደግፌ፣ አማትቤ፣ ጎንበስ ብዬ ተሳልሜ አለፍኩ። በአራተኛውም ቅዳሜ ተመልሼ እንዲሁ አደረግኩ። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ አየሁ። ደብተሬ ውስጥ የሚያሰጋ ነገር ጠፋ። መጨነቅ ያለብኝ ያኔ ነበር እኮ!

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቅዳሜ ቀረው። ሰናይትን አገኘሁ አልኳት። በዓይኔ ሳላይ አላምንም አለች። ቤተ ክርስቲያኗ በር ላይ ቆሜ አያለሁ፣ ልጅቷ ከላይ ትውረድ፤ ካማረኝ ትነዳለች፣ ካላማረኝ ሐዋሳ አለች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ «ከኋላዋ እኔም እነዳለሁ፣ አደጋ የለውም ማለት ይኼው ነው» አልኩ። ለሚስቴ መንገዱ ምን ያህል ደህና እንደሆነ ላሳያት ነዋ! ፈሪው ከነዳው ማን አይነዳውም? ከቢሮ ባልደረባዬ ብስክሌት ተዋስኩ። ሁለት ምሽት ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ስዞር ጎረቤት በረንዳ ላይ ወጥቶ ተመለከተኝ። በማያውቁት አገር ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል የሚባለው እኔን ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ማክዳና እኔ ከላይ ቆመናል። ማክዳ ሄልሜቷን አጠባበቀች። ፈታችና እንደገና አጠባበቀችው። «አባዬ፣ ብሳሳትስ?» አለችኝ። አትሳሳቺም አልኳት። «እማዬ ፊት ብወድቅ አበቃልኝ እኮ።» አትወድቂም አልኳት። ይህን ስላት የኔ ዓይን ያለው ግን ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ወረደች። እናንተ! ልጄ እንዲህ እንደምትነዳ አላውቅም ነበር። ኩርባው ላይ ዘንበል ትላለች፣ ድንጋዩ ላይ ተነስታ ትቆማለች፣ ቅጠል ተሸክመው ለሚወርዱት ሴቶች ቀድማ ፍጥነቷን ቀንሳ መንገድ ትለቅላቸዋለች። ከኋላዋ ሁለቱን ፍሬን ጨምድጄ ይዤ እየተንገጫገጭኩ ተከተልኩ። ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዘች፣ ቆመች፣ አንድ እግሯን መሬት አስነካች፣ በደንብ አማትባ ተሳለመች። ከዚያ እናቷ ጋ ደረሰች። ሰናይት ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ ከሩቅም ቢሆን ፊቷ ሲፈታ አየሁ። አበቃ፣ ተሳካ አልኩ።

በዚህ ጊዜ እኔም ቤተ ክርስቲያኗ ጋ ደረስኩ።

ይህ ቀኝ እጄ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈቃድ ጠይቆኝ አያውቅም። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ ስልክ እያወራሁ፣ ከሰው ጋር እየተከራከርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ባለፍን ቁጥር እሱ በራሱ ይነሳል። የናንተስ አይነሳም? ያን ቀንም ጉልላቷን ሳይ ተነሳ። ከፍሬኑ ላይ! በግራ እጄ ደግሞ በድንጋጤ ያለ የሌለ ኃይሌን አሰባስቤ ጨበጥኩ። የተዋስኳት ብስክሌት የግራ ፍሬኗ የፊት ጎማዋን ነው የሚይዘው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ መሬቱ ነው የነገረኝ።

ግንባሬን ነካሁ። ደረቴ ጋ ስደርስ ብስክሌቷ ከሥሬ የለችም። ግራ ትከሻዬን መሬቱ ነካልኝ። ቀኙን ሳማው። እንዴት ያለ ሳማ! ቁመቱ እኔን ያክላል፤ መንገድ ዳር ሆኖ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሲጠብቀኝ አልጻፍኩትም።

«በስመ አብ!» ብላ ሰናይት ጮኸች። ማክዳ ግን አልጮኸችም። ብስክሌቷን ጥላ ሮጣ መጣችና፣ «አባዬ፣ እንዳትነሳ። ዝም ብለህ ተኛ። እግርህን አንቀሳቅስ። ጣቶችህን አንቀሳቅስ። ስሜን ንገረኝ» አለችኝ። ማክዳ አልኳት። ይህ ስንት ነው አለችኝ ጣቷን አሳይታ። አንዱ ዓይኔ በሳማው አብጦ ስለነበር ግማሹን ብቻ ነው ያየሁት አልኳት። ቅጠላቸውን አውርደው ከበው የቆሙት ሴቶች፣ «እኛማ ተበላሸበት ብለን ነበር» ሲባባሉ ሰማሁ።

ኮተቤ ያለ አንድ ወጌሻ የቀኝ እጄን አንጓ አሸው። አይዞህ፣ አያምም ብሎኝ ሲጎትተው የጮኽኩት ጩኸት ተራራው ላይ ሳይሰማ አልቀረም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እጄ አይደለም ያመመኝ። ታክሲ ውስጥ ማክዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ልጄ አንድም ስህተት ሳትሠራ እኔ አበላሸሁባት። ያ ህመም ለወጌሻ አይነገርም። ሐዋሳ፣ ሐዋሳ ይለኛል ጆሮዬ።

ምሳ ቀረበ። ማንም አልበላም። ማክዳ ብድግ ብላ፣ «እማዬ፣ ሄልሜቱንም አብረሽ ላኪለት» አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ።

«ቁጭ በይ» አለች ሰናይት። «መንገዱን አየሁት፣ ደህና ነው። አንቺንም አየሁሽ፤ ቆመሽ ነው የተሳለምሽው። አባትሽ ሲወድቅም ቀድመሽ የደረስሽለት አንቺ ነሽ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ትነጃለሽ።» ማክዳ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እኔም በግራ እጄ ልጠመጠም ተነሳሁ። ሰናይት ግን በጣቷ አስቆመችኝ። «አንተንም አይቼሃለሁ። ሁለተኛ ብስክሌት ላይ እንዳላይህ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ አበው። እኔ ከፈራሁት አንዱም አልደረሰም። ጅቡ አልመጣ፣ ገደሉ አልዋጠን፣ ውሻው አልነከሰን። ለልጄ ስል ተራራውን ሙሉ ጠርጥሬ፣ ያልጠረጠርኩት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማክዳ ትወጣለች፣ እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ሰዓት አያለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሰናይት ስልክ ጮኸ። ማክዳ ናት! ወደቀች፣ ተሰበረች፣ ጅብ በላት እያልኩ ሮጬ ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ። ማክዳ ከተራራው ላይ እያለከለከች፣ «እማዬ፣ አባዬ ደህና ነው?» አለች።

«አታስቢ፣ ተቀምጧል» አለቻት ሰናይት።